ለብቻ የማማከር ስራ መጀመር፦ በመጀመሪያው ጊዜ ያየሁትን ላካፍላችሁ

የራሴ ቢሮ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከቅጥር ወጥቼ በግሌ ማማከር ከጀመርኩ ዓመታት አለፉ። ስራዬ ድርጅቶች የውስጥ አሰራራቸውን እንዲያቃልሉ ማገዝ ነው። ሰሞኑን "ከቅጥር ልወጣ አስቤያለሁ" የሚሉ ሰዎች በውስጥ መስመር ደጋግመው ስለጠየቁኝ፣ እዚሁ በአንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው። ሌሎቻችሁም የምታውቁትን ጨምሩበት።

ሁሉም ቀድሞ የሚጠይቀኝ "ደንበኛ ከየት ይመጣል?" ብሎ ነው። እመለስበታለሁ። እኔ ግን ከዋጋ እጀምራለሁ። በማያዋጣ ዋጋ የተያዘ ደንበኛ ጊዜያችሁን ሁሉ ይወስድና የሚያዋጣውን እንዳትፈልጉ ያደርጋችኋል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ዓመቱ 52 ሳምንት ነው። በሳምንት 5 ቀን ብትሰሩ 260 ቀን ይሆናል። በዓላትን፣ እረፍትን፣ የምትታመሙበትን ቀን ስትቀንሱ 220 አካባቢ ይቀራል። ታዲያ ከዚህ ውስጥ ደንበኛ የሚከፍልበት ስንቱ ነው? ፕሮፖዛል ለጻፋችሁበት ቀን ማንም አይከፍላችሁም። ሄዳችሁ ተነጋግራችሁ ስራው ለሌላ የተሰጠበት ቀንም እንዲሁ ነው። ሂሳብ የምትይዙበት፣ ክፍያ የምታሳድዱበት፣ ሙያችሁን የምታድሱበት ቀን ሁሉ ከኪሳችሁ ነው። ለጀማሪ ከ220ው ቀን 120ው የሚከፈልበት ከሆነ እኔ ጥሩ ዓመት እለዋለሁ።

አሁን በቅጥር ሳላችሁ ደሞዛችሁ በወር 100 ነበር እንበል። በዓመት 1,200 ነው። ለ260 ቀን ሲካፈል በቀን 4.6 ገደማ ይመጣል። ብዙ ጀማሪ ይህችን ቁጥር ይይዝና ትንሽ ጨምሮባት በቀን 6 ይጠይቃል። ገቢው ያደገ ይመስለዋል። ግን 6ን በ120 ቀን ስታባዙት 720 ብቻ ነው። ያንኑ 1,200 በ120 ቀን ለማምጣት በቀን 10 ያስፈልጋል። ይህም ገና ከቀድሞው ደሞዝ ጋር እኩል ለመሆን ነው። ኮምፒውተሩ፣ ኢንተርኔቱ፣ ኢንሹራንሱ፣ አሰሪያችሁ ይሸፍነው የነበረው የጡረታ መዋጮ አልገባበትም። ስለዚህ የቀን ዋጋችሁ ከቀድሞው የቀን ደሞዝ ከሁለት እጥፍ ቢያልፍ ስግብግብነት አይደለም። ደንበኛ ሲደነግጥ አብራችሁ አትደንግጡ።

ሁለተኛው ጉዳይ ወረቀት ነው። "በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" ሲባል የሰማነው ለዚህ ስራ የተባለ ነው የሚመስለኝ። ውል ማለት የግድ ወፍራም ሰነድ አይደለም። ለትንሽ ስራ ሁለት ገጽ ይበቃል። ምን እንደምታስረክቡና መቼ፣ "ስራው ተጠናቋል" ብሎ የሚፈርመው ማን እንደሆነ፣ ረቂቁ ስንት ጊዜ እንደሚታረም፣ ክፍያው በስንት ዙር እንደሆነ፣ ስራው መሃል ላይ ቢቋረጥ እስከዚያ ለተሰራው ምን እንደሚከፈል ይጻፍበት። የስራው ባለቤትነትም ይጻፍ። በግል አማካሪ የተዘጋጀ ሰነድ የማን ነው የሚለውን ህግ ሁሉም አገር በአንድ ዓይነት አያየውም፤ በውል ከተጻፈ ግን ክርክር የለውም።

ከሁሉም በላይ ደግሞ የማይካተተውን ጻፉ። ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። "አዲሱን አሰራር ቀርጾ ማስረከብ" ብላችሁ ከተዋችሁት፣ ደንበኛው ሰራተኞቹን ማሰልጠንም በዚያው ውስጥ ያለ ይመስለዋል። ክፋት አይደለም። በቅንነት እንደዚያ ነው የገባው። "ስልጠና በዚህ ውል አይካተትም፤ ካስፈለገ በተለየ ስምምነት ይሰጣል" የምትል አንድ መስመር ትልቅ ጭቅጭቅ ታስቀራለች። ከእያንዳንዱ ስብሰባ በኋላም በዚያው ቀን አጭር ኢሜይል ላኩ። ምን ተስማማን፣ ማን ምን ይሰራል፣ እስከ መቼ፤ አለቀ።

አሁን ወደ ደንበኛ። የማህበረሰብ ጥናት ባለሙያው ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰዎች ስለ አዲስ ስራ በብዛት የሚሰሙት ከቅርብ ወዳጆቻቸው ሳይሆን አልፎ አልፎ ከሚያገኟቸው ሰዎች መሆኑን አሳይቷል። የቅርብ ጓደኛችሁ የሚያውቀውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ከሩቅ የምታውቁት ሰው ግን እናንተ የማትደርሱበት ቦታ ይውላል። እኔም በስራዬ ያየሁት ይህንኑ ነው። ቀድሞ አብራችሁ ሰርታችሁ አሁን ሌላ ድርጅት የገባ ሰው፣ እቃ ያቀርብላችሁ የነበረ፣ ስልጠና ላይ የተዋወቃችሁት፣ እነሱን አስቡ። "ስራ ካለ አስታውሱኝ" ብቻ ብላችሁ ግን አትጻፉ። ማንም አያስታውስም። "ትእዛዝ ተቀብለው ለማስረከብ የሚዘገዩ ድርጅቶችን አግዛለሁ" ስትሉ ነው ሰውዬው "አንድ እንደዚህ የሚቸገር አውቃለሁ" የሚለው።

ጥያቄ ካላችሁ ቀጥሉ።

ጀማሪው፦

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ በቅርቡ ልወጣ ነው። አንድ ድርጅት ሊያሰራኝ ፈልጓል፤ ግን "እስቲ መጀመሪያ በነፃ ስራና እንይህ" እያሉኝ ነው። ስም ለማግኘት ብዬ ልቀበል ወይስ ይቅር?

የራሴ ቢሮ፦

ወንድሜ፣ እኔ ብሆን አልቀበልም። በነፃ የገባ ሰው በድርጅቱ ውስጥ የሚሰማው የለም። መረጃ ስትጠይቅ ቶሎ አይሰጥህም። ስብሰባ ስትጠራ ይዘገያሉ። ለምክር ገንዘብ ያወጣ ኃላፊ ግን ምክሩ ስራ ላይ እንዲውል ራሱ ይገፋል።

ዋጋውን ከመጣል ይልቅ ስራውን አሳንሰው። ትልቁን ስራ ተውና "የአንድ ክፍል አሰራር በአምስት ቀን አይቼ ችግሩ የት እንዳለ የሚያሳይ አጭር ሪፖርት ልስጣችሁ" በላቸው። በሙሉ የቀን ዋጋህ። እነሱም ብዙ ሳያወጡ ያዩሃል፤ አንተም ለትልቁ ስራ ዋጋ ከማቅረብህ በፊት ቤቱን ታውቀዋለህ። የግድ መቀነስ ካለብህ ደግሞ ኢንቮይሱ (የክፍያ መጠየቂያው) ላይ ሙሉው ዋጋ ይጻፍ፤ ከስሩ "ለመጀመሪያ ስራ የተደረገ ቅናሽ" ተብሎ ይቀነስ። ያለዚያ ቅናሹ ቋሚ ዋጋህ ሆኖ ይቀራል።

ሂሳብ ያዡ፦

ጎበዝ፣ ዋጋው ላይ የተባለው ልክ ነው። እኔ የማየው ግን በሌላ በኩል የሚወድቁትን ነው። ጥሩ ዋጋ ይዘው፣ ስራም ሞልቶላቸው፣ እጃቸው ላይ ገንዘብ የሌላቸው አሉ። ትርፍና ጥሬ ገንዘብ አንድ አይደሉም።

ጊዜውን አብረን እንቁጠር። በመጀመሪያው ወር ከደንበኛ ጋር መነጋገር ጀመራችሁ። ፕሮፖዛል ተላከ፣ ታየ፣ ተሻሻለ፣ በሁለተኛው ወር መጨረሻ ውል ተፈረመ። ሶስተኛውን ወር ሰራችሁ። በወሩ መጨረሻ ኢንቮይስ ላካችሁ። የመክፈያ ጊዜው 30 ቀን ነው፤ አራተኛው ወር አለቀ። ትንሽ ዘገዩ፤ አምስተኛው ወር ገባ። ይህ ሁሉ ነገር በሰላም ሄዶ ነው! ስለዚህ "ከመውጣታችሁ በፊት የስድስት ወር ወጪ ያዙ" የሚባለው ፍርሃት አይደለም። ከመጀመሪያው ንግግር እስከ መጀመሪያው ገንዘብ ያለው ርቀት ነው።

ርቀቱን የሚያሳጥረው ቀብድ ነው። ውል ሲፈረም ከጠቅላላው 30 ወይም 40 በመቶ፣ መሃል ላይ ሌላ፣ ሲያልቅ ቀሪው። መሃሉን ክፍያ "ረቂቁ ሲጸድቅ" ከማለት "ረቂቁ በቀረበ በ10 ቀን ውስጥ" ብትሉት ይሻላል። ማጽደቅ በእጃችሁ አይደለም፤ ማቅረብ ግን በእጃችሁ ነው።

ሌላው፣ ገንዘብ በገባ ቀን የግብሩን ድርሻ ወደ ሌላ የባንክ ሂሳብ አዛውሩት። ደሞዝ ላይ አሰሪው ቆርጦ ይከፍልላችሁ ነበር። አሁን የሚቆርጥላችሁ የለም። የቤት ወጪና የስራ ወጪም በአንድ ሂሳብ አይቀላቀል። ለራሳችሁ በወር አንድ ቀን ቁርጥ ያለ ደሞዝ ክፈሉ።

አገራችሁ ስለ ዘገየ ክፍያ ምን እንደሚል ደግሞ እወቁ። ለምሳሌ የአውሮፓ ህብረት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ መንግስታዊ ተቋማት በመደበኛነት በ30 ቀን እንዲከፍሉ፣ ለዘገየ ክፍያም ወለድ እንዲታሰብ ይደነግጋል። በእናንተ ዘንድ እንዲህ ያለ ህግ ከሌለ ወለዱን ውሉ ላይ ማስገባት ትችላላችሁ።

ከግዢ ክፍል፦

እኔ ከወዲያኛው ወገን ነኝ፤ ትልቅ ድርጅት ውስጥ ግዢ ላይ እሰራለሁ። የአማካሪዎች ክፍያ ለምን እንደሚዘገይ ልንገራችሁ። ብዙውን ጊዜ ማንም ሊያጉላላችሁ አስቦ አይደለም። ኢንቮይሱ ላይ የግዢ ትእዛዝ ቁጥር (ድርጅቱ ግዢውን ሲፈቅድ የሚሰጠው ቁጥር) አልተጻፈም። ወይም ድርጅታችሁ በአቅራቢነት አልተመዘገበም። ወይም ውሉ ላይ ያለው ስምና የባንክ ሂሳቡ ስም አይመሳሰልም። ወይም ያሰራችሁ ኃላፊ የርክክብ ወረቀቱን ሳይፈርም እረፍት ወጥቷል። እንዲህ ያለው ኢንቮይስ ተመላሽ እንኳን ሳይደረግ ፋይል ውስጥ ሊተኛ ይችላል።

ስለዚህ ስራ ከመጀመራችሁ በፊት ያነጋገራችሁን ኃላፊ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁት። የአቅራቢ ምዝገባ ምን ይፈልጋል? የግዢ ትእዛዝ ቁጥር መቼ ይወጣል? ኢንቮይስ ለማን ነው የሚላከው? ክፍያ የሚወጣው በወሩ ስንተኛው ቀን ነው? እሱ ባይኖር ርክክቡን የሚፈርመው ማን ነው? እኛ ዘንድ ክፍያ የሚወጣባቸው ቀናት የተወሰኑ ናቸው። አንድ ቀን ያመለጠው ኢንቮይስ የሚቀጥለውን ዙር ይጠብቃል።

እና እባካችሁ፣ የክፍያ ክፍል ሰዎችን በአክብሮት ያዟቸው። ኃላፊው ጋ ደውሎ ከመጮህ እነሱን "ምን ጎደለ?" ብሎ መጠየቅ ቶሎ ይፈታል።

ጀማሪው፦

ይህ ዝርዝር ወርቅ ነው። ዛሬውኑ ነው የምጠይቃቸው።

መሐንዲሷ፦

እኔ በአንድ ነገር አልስማማም። የቀን ዋጋ ጎበዝን ይቀጣል። አንድን ስራ ዛሬ በአስር ቀን የምትሰራ ሰው ልምድ ስታካብት በአምስት ቀን ትጨርሰዋለች። በቀን የምታስከፍል ከሆነ ስለተሻለች ገቢዋ ግማሽ ሆነ ማለት ነው! ደንበኛውም ቢሆን የሚፈልገው ውጤቱን እንጂ ወንበር ላይ የተቀመጥሽበትን ሰዓት አይደለም። እኔ ሁሉንም በቁርጥ ዋጋ ነው የምሰራው። ደንበኛው የሚያወጣውን ቀድሞ ያውቃል፤ እኔም ሰዓት ቆጥሬ አላስረዳም።

የራሴ ቢሮ፦

ያልሽው ልክ ነው፤ የእኔም አብዛኛው ስራ አሁን በቁርጥ ነው። ለጀማሪ ግን እፈራለታለሁ። ቁርጥ ዋጋ የሚያዋጣው ስራው ስንት ቀን እንደሚፈጅ መገመት ለሚችል ነው። ሰው ደግሞ የራሱን ስራ ሲገምት ሁልጊዜ ያሳጥራል። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ ጥናት ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን መቼ እንደሚጨርሱ ተጠየቁ። በአማካይ 34 ቀን ገደማ አሉ። የፈጀባቸው 55 ቀን ነው። ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። ስንገምት የምናየው ስራው በሰላም ሲሄድ ነው። ደንበኛው መረጃ ሳይልክ የሚቆይበት ሳምንት ግምቱ ውስጥ አይገባም።

ስለዚህ እኔ የምመክረው፣ የመጀመሪያዎቹን ስራዎች፣ በተለይ ያላወቃችሁትን ቤት ማጥናት፣ በቀን አስከፍሉ። ከዚያ የሚወጣውን ስራ በቁርጥ አድርጉት። በቁርጥ ስትሰሩም ሰዓታችሁን ለራሳችሁ መዝግቡ። ደንበኛ እንዲያየው አይደለም። የሚቀጥለውን ስራ የምትገምቱት በስሜት ሳይሆን ያለፈው ስንት ቀን እንደፈጀ አይታችሁ እንዲሆን ነው።

መሐንዲሷ፦

መመዝገቡ ላይ እጄን አነሳለሁ። እኔም እመዘግባለሁ። የማደርገው አንድ ነገር ልጨምር፤ ቁርጥ ዋጋው ውስጥ የደንበኛውንም ግዴታ አስገባለሁ። "መረጃው እስከዚህ ቀን ካልደረሰ የማስረከቢያው ቀን በዚያው ልክ ይገፋል" ብዬ።

ጠያቂዋ፦

እኔ የሚያስጨንቀኝ ሙያ ማጥበብ ነው። በሰው ኃይልም፣ በስልጠናም፣ በእቅድ ዝግጅትም ሰርቻለሁ። አንዱን ብቻ ከያዝኩ ስራ አይጠፋብኝም ወይ?

የራሴ ቢሮ፦

ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን ነገሩ አዲስ አይደለም። የፋብሪካ ስራን በማጥናት የሚታወቀው አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1893 በግሉ ማማከር ሲጀምር ካርዱ ላይ "አማካሪ መሐንዲስ" ብሎ ብቻ አልተወውም። የፋብሪካ አመራርንና የማምረቻ ወጪን ስርዓት ማስያዝ ልዩ ሙያው መሆኑን ጽፎበታል። ብሩስ ሄንደርሰንም እ.ኤ.አ. በ1963 ኋላ ቦስተን ኮንሰልቲንግ ግሩፕ የተባለ ትልቅ አማካሪ ድርጅት የሆነውን ስራ ሲጀምር በአንድ የቦስተን የገንዘብ ተቋም ስር ሆኖ ብቻውን ነበር። ስም ያላቸው ትልልቅ አማካሪዎች ቀድመው ገበያውን ይዘውት ነበር። በሁሉም ነገር ከእነሱ ጋር ከመፎካከር የንግድ ስትራቴጂን ሙያው አደረገ። አጫጭር ጽሑፎችንም ለድርጅት ኃላፊዎች በፖስታ ይልክ ነበር። ሰዎቹ ቢሮው ሳይመጡ አስተሳሰቡን አወቁት። ዛሬ ይህን በኢንተርኔት ማድረግ ለማንም ቀላል ነው፤ ለዚያም ነው ሁሉም ጀማሪ በየጊዜው ስለሚፈታው ችግር አንድ ገጽ ቢጽፍ የምለው።

አንቺ ሁሉንም ማድረግ ትችያለሽ። የምትታወቂበት ግን አንድ ይሁን። ሌላው ስራ ሲመጣ ማንም አይከለክልሽም።

ቆይቶ የመጣ፦

ክርክሩን ሳነብ ቆይቼ ነው። እኔ ማጥበቡን በመጀመሪያው ቀን ባላደርገው ባይ ነኝ። ከቅጥር የወጣ ሰው የሚያውቀው የአንድ ድርጅትን ችግር ነው። ገበያው የሚከፍልበት የትኛው እንደሆነ ገና አላየም። ለጥቂት ወራት የመጣውን የተለያየ ስራ ይስራና የትኛው ቶሎ ውል እንደሚያስፈርም፣ የትኛው ደንበኛ ተመልሶ እንደሚመጣ ያስተውል። ከዚያ ያጥብብ። ደንበኞቹ ራሳቸው ይነግሩታል።

ሌላ ያልተነሳ ነገር ላንሳ። አንድ ባልደረባዬ ገቢው ሁሉ ለማለት ይቻላል ከአንድ ድርጅት ነበር። ስራው ሀሪፍ ነው፣ ክፍያው ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል፣ ከኃላፊው ጋርም ይግባባሉ። ኃላፊው ተቀየረ። አዲሱ የራሱን ሰዎች ይዞ መጣ። ውሉ ሲያልቅ አልታደሰም። ባልደረባዬ ምንም አላጠፋም፤ ስራውም ጥሩ ነበር። ግን ቢዝነስ ያለው መስሎት የነበረው እንደገና ተቀጣሪ ሆኖ ነው፤ ያውም የስራ ስንብት ክፍያ የሌለው ተቀጣሪ። ከአንድ ደንበኛ የሚመጣው ገቢ ከግማሽ ሲያልፍ ሌላ ደንበኛ መፈለግ ከማንኛውም ስራ ይቅደም። ስራ ሲበዛባችሁም በሳምንት አንድ ቀን፣ ቢያንስ ግማሽ ቀን፣ ቀጣዩን ስራ ለመፈለግ ይያዝ። ስራ ሲያልቅ መፈለግ ከጀመራችሁ ሂሳብ ያዡ የቆጠራቸው አምስት ወራት እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ።

ሂሳብ ያዡ፦

በትክክል። ይህ ሲደጋገም ነው ሰዎች ጥሩ ወር አግኝተው በሚቀጥለው ብድር የሚጠይቁት።

የራሴ ቢሮ፦

"ለጥቂት ወራት ያስተውል" ያልከው አሳምኖኛል። ለጠያቂዋ የሰጠሁት ምላሽ ላይ እሱ ይጨመርልኝ። በነዚያ ወራት ግን ዋጋና ውል ላይ አትላሉ፤ የስራው ዓይነት ይለያይ እንጂ አያያዙ አንድ ይሁን።

ጀማሪው፦

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ስራው መሃል ላይ ደርሶ ደንበኛው "ይህችን ትንሽ ነገርም ጨምርልኝ" ሲል ምን ይባላል? እምቢ ማለት ይከብደኛል፤ ዝም ካልኩም አያቆምም። እንደው ቃል በቃል ምን ትያለሽ?

የራሴ ቢሮ፦

እምቢ አትበል፤ እሺም አትበል። እኔ የምለው ይህን ነው፦ "ጥሩ ሃሳብ ነው፤ ልሰራው እችላለሁ። በውላችን ውስጥ ስለሌለ ስንት ቀን እንደሚፈጅና ክፍያውን ነገ ጠዋት ጽፌ ልላክልዎት። ክፍያው እንዳይጨምር ከፈለጉ ደግሞ ከተስማማንባቸው ስራዎች አንዱን አውጥተን በሱ እንተካው።"

ብዙ ጊዜ "ተወው፣ አሁን ይቆይ" ይላሉ። ያን ያህል አያስፈልጋቸውም ነበር ማለት ነው። የምር ከፈለጉት ይከፍላሉ። በጣም ትንሽ ከሆነ፣ የአንድ ሰዓት ስራ ከሆነ፣ ስራለት፤ ግን ኢሜይል ላይ "ይህ ከውሉ ውጪ ነው፤ ለዚህ ጊዜ ያለ ክፍያ ሰርቼዋለሁ" ብለህ ጻፍ። በሚቀጥለው ሲጠይቅህ ሁለታችሁም ከየት እንደምትነሱ ታውቃላችሁ።

ከግዢ ክፍል፦

በዚህ ላይ አንዲት ነገር። ጭማሪው ሲፈቀድ በስልክ ብቻ እንዳይሆን። የውሉን ቁጥር ጠቅሶ፣ የተጨመረውን ስራና ገንዘብ ጽፎ፣ ውሉን የፈረመው ሰው "ተስማምቻለሁ" ብሎ ይመልስ። የግዢ ትእዛዙም ላይ ጭማሪው እንዲገባ ጠይቁ። እኛ ሲስተሙ ላይ ከተመዘገበው ገንዘብ በላይ የመጣ ኢንቮይስ መክፈል አንችልም፤ ኃላፊው ራሱ መጥቶ ቢለምነንም።

ጀማሪው፦

ገባኝ። የአምስቱን ቀን ስራ ፕሮፖዛል ዛሬ ማታ እጽፋለሁ። የማይካተተውን ክፍል እዚህ ለጥፌው ብታዩልኝ ደስ ይለኛል።

መሐንዲሷ፦

ለጥፈው፤ የድርጅቱን ስም ግን አውጣበት።